ቆጠራውና የልክ ደብተሬ

የሕዝብ ቆጠራው በ1976 ግንቦት አጋሮ ሲደርስ፣ የእኛን ቀበሌ ሰው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለመኩራራት አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ዓመት በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ የማን ወገብ እንደሰፋ፣ የማን ልጅ ቁመት እንደጨመረ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ደብተሬ ውስጥ የሌለ ሰው ወይ አልተወለደም፣ ወይ ልብሱን የሚያሰፋው ጅማ ነው።

ሊቀመንበራችን ጓድ ጎሳዬ ለቆጣሪዋ መንገድ መሪ አድርጎ የመረጠኝም ለዚሁ ነው። «አንተ ቤቶቹን ታውቃለህ» አለኝ። ሌላ ምን እንደማውቅ ያን ዕለት አላነሳም።

ቆጣሪዋ ብርሃንነሽ የምትባል ከጅማ የመጣች አስተማሪ ነበረች። እርሳሷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በየደጁ አንድ ዓይነት ነገር ትናገራለች፤ «የምትነግሩኝ ምስጢር ነው፤ ከቅጹ አይወጣም።» ሰው ይህን ሲሰማ በሩን ትንሽ ገርበብ ያደርገዋል።

ችግሩ ሁለት ነበር። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያድለው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ፣ በካርድ ላይ የሰፈሩ ቤተሰቦች ከዓመት ዓመት ይሰፋሉ እንጂ አይጠቡም። ያገባች ልጅ ከእናቷ ካርድ አትወጣም። የሞተም አይወጣም። በሌላ በኩል ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ዓመቱ ነው፤ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያለ ወንድ ይፈለጋል፤ አንዳንዱም ከገበያ መሐል ታፍሶ ሄዷል። እንግዲህ ወንዱ መጥፋት አለበት፤ ቁጥሩ ግን መጉደል የለበትም፣ ጎደለ ማለት ስኳሩ ጎደለ ነው።

ማንም ስብሰባ አልጠራም። ሰው ሁሉ ለየራሱ አስቦ አንድ ቦታ ደረሰ፤ ወንድ ልጆቻችን ሴት ሆኑ።

ቆጠራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አዴ ለጢፋ በረንዳዬ ላይ መጣች። ባሏ የሞተባት ናት። ሱዓድ የምትባል ሴት ልጅና ቲጃኒ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ አላት። የወንድሟ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ሄዶ እስከዚያ ቀን ደብዳቤ አልጻፈም።

«ፈለቀ» አለችኝ፣ «የቲጃኒን ገጽ ቅደድልኝ።»

«የምን ገጽ?»

«ማሎ፣ እባክህ እኔ ላይ አትጫወት። ለኢድ ሱሪ ስትለካው ጽፈሃል። አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

«አዴ፣ የእኔን ደብተር ማን ያነበዋል ብለው ነው? እኔ ራሴ ጽሑፌን የማነበው በግድ ነው።»

«ዛሬ ማንም አያነበውም። ዛሬ የመጣሁትም ለዚያ ነው።»

መቅደድ ነበረብኝ። ግን ደብተር አንዴ መቀደድ ከጀመረ ሰው ሁሉ እየመጣ ገጹን ይጠይቀኛል፣ እኔም ያለ ደብተር እቀራለሁ ብዬ አሰብኩ። መቀሴን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እጄን አየች።

«ገባኝ» ብላ ሄደች። ምን እንደገባት አልነገረችኝም።

በማግስቱ ከብርሃንነሽ ጋር መዞር ጀመርን። መጀመሪያ የገባነው አባቦራ ቤት ነው። ሽማግሌው ወንበር የለኝም ብለው ጆንያ ላይ አስቀመጡን። ጆንያው ሙሉ ነበር፤ ስንቀመጥበት ሸሸሸ አለ።

«መተዳደሪያዎ ምንድን ነው አባ?»

«ዱዓ።»

«ቡና የለዎትም?»

«ሁለት እግር። እሱም ለቤት ነው።»

ብርሃንነሽ የተቀመጠችበትን በእጇ ዳበስ አደረገች። «ይሄስ?»

«ገለባ ነው ልጄ።»

«ልጆችስ?»

«አምስት ሴቶች። አልሐምዱሊላህ።»

ከአምስቱ ሴቶች ለአራቱ ሱሪ ሰፍቻለሁ። አንደኛዋ ጢም ታበቅላለች። ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

አዴ ለጢፋ ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ ቁጥሩ አርባ ሁለት የሚሆን ትልቅ የወንድ ጫማ ቆሟል። ለጢፋ ያየችው እኛ ካየነው በኋላ ነው።

«አራት ነን» አለች ሳትጠየቅ። «እኔ፣ ሱዓድ፣ የእህቴ ልጅ ፈድሊያ፣ እናቴ።»

እናቷን በ1970 ቀብረናል። እኔም አፈር አልብሻለሁ። ፈድሊያ የምትባል ልጅ ደግሞ ያን ዕለት ነው የተወለደችው።

«ፈድሊያ የት ሄደች?»

«ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ። ለቅሶ።»

«ዕድሜዋ?»

«አሥራ ዘጠኝ።» አፏ ላይ የነበረው የቲጃኒ ዕድሜ ነው፤ ለመቀየር ጊዜ አላገኘችም።

«ይሄ ጫማስ የማን ነው?»

ለጢፋ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ቆጣሪዋን አላየችም። «የእናቴ ነው። እግሯ ያብጣል።»

ከቆጡ ላይ የሆነ ነገር ተንቀጫቀጨ። «አይጥ ነው» አልኩ እኔ። አግዣት ነው። እሷ ግን ለምን እንዳገዝኳት ስታስብ ፊቷ ላይ ይታያል።

ከዚያ ስንወጣ ብርሃንነሽ መንገድ ላይ ቆመች። «ጋሽ ፈለቀ፣ በዚህ ቀበሌ ወንድ አይወለድም?»

«ይወለዳል። ቶሎ ያረጃል።»

አልሳቀችም። እርሳሷን በምላሷ አርጥባ ቀጣዩን ቤት ጠየቀችኝ። ቀጣዩ የጓድ ጎሳዬ ቤት ነበር። ባለቤቱ አበራሽ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን። «ሁለት ልጆች አሉን፣ ሁለቱም ሴት» አለች። ይህን ስትል ጓዳ ውስጥ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ከፍ አደረገው።

በሦስተኛው ቀን ቆጠራው አለቀ። ብርሃንነሽ ቅጾቿን ለማንም አላሳየችም፤ ቃሏን ጠብቃለች። ድምሩን ግን ሊቀመንበሩ መፈረም ስላለበት አየው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያለ ወንድ፥ ሰባት። አራቱ ፖሊሶች ናቸው፣ አንዱ ዓይነ ስውር ነው፣ ሁለቱ እንጨት ሊሰነጥቁ ከሩቅ የመጡ።

እሷ ወደ ጅማ እንደሄደች ጓድ ጎሳዬ አስጠራኝ።

«ወረዳው እስከ ዓርብ አሥራ ሁለት ወጣት ብሎኛል» አለ። «እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሰባት ነው። ደብተርህን አምጣ።»

«የልክ ደብተር ነው ጓድ።»

«እኮ። ልክ ነው የምፈልገው።»

አመጣሁለት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ጣቱን እያረጠበ ገለጠ፣ በሌላ ወረቀት ላይም መጻፍ ጀመረ። «የአባቦራ ሦስተኛው፥ ሱሪ፥ ወገብ 74፣ ቁመት 102፣ የኋላ ኪስ ሁለት» ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ይቺ ሴት ናት አይደል?» ይላል፤ ይጽፋል። ስምንት ሰው ጻፈ። እኔ ቆሜ ገጾቹን እየቆጠርኩ ነበር፤ ምክንያቱም የትኛው ገጽ ከየትኛው እንደሚቀድም አውቃለሁ። ከለጢፋ በፊት ያለው የማን እንደሆነም አውቃለሁ።

እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ማውጣት ተወ። የተጻፈው ይህ ነው፦ «የጓድ ጎሳዬ ታላቁ፥ ወገብ 78፣ ቁመት 107። የጓድ ጎሳዬ ታናሹ፥ ወገብ 70፣ ቁመት 101፣ እያደገ ስለሆነ ሁለት ጣት ይታጠፍ።»

መሳቢያውን ከፈተ፣ ማስመሪያ አወጣ፣ ገጹን አስደግፎ ቀስ ብሎ ቀደደና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ዞረ። «የአዴ ለጢፋ ልጅ» አለ፣ እስክሪብቶውንም አነሳ።

«ጓድ» አልኩ፣ «የቀደዱትን አይጨነቁበት። በቃሌ ይዤዋለሁ። ታላቁ መቶ ሰባት ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። ውጭ አንድ አህያ ጮኸ። ሁለታችንም እስኪጨርስ ጠበቅነው።

«በቃልህ ስንት ሰው ይዘሃል?»

«ሱሪ ከሆነ ሁሉንም።»

  ስምንት ስም የጻፈበትን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደው። ደብተሩን ገፋ አደረገልኝ።

«ይሄ ደብተር ስህተት ይበዛበታል» አለ። «መንግሥት ቆጥሯል። ወረዳው ከጠየቀኝ የመንግሥትን ቁጥር አሳያለሁ፤ በዚህ ቀበሌ የሚበዛው ሴት ነው።» ማኅተሙን ድምሩ ላይ ሲያሳርፍ ጠረጴዛው ተናወጠ።

ስህተቴን የሠራሁት ከዚያ ስወጣ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ሰላም እንደሆንኩ፣ በእግሬ እየሄድኩ በሰው መሐል አለፍኩ። ተደብድቤ ብወጣ ይሻለኝ ነበር።

ለጢፋ በረንዳዬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መለሰልህ?»

«መለሰልኝ።»

«የእኔስ?»

ገልጬ አሳየኋት። የቲጃኒ ገጽ እንዳለ ነው። እሷ ግን ያየችው እሱን አይደለም፤ ከእሱ በፊት ያለውን፣ በማስመሪያ የተቀደደውን ጠርዝ ነው። በጣቷ ነካችው።

«ይሄ የማን ነበር?»

የሊቀመንበሩ ልጆች ናቸው ብላት ፀሐይ ሳትጠልቅ አጋሮ ሁሉ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ጓድ ጎሳዬን የሚያስቆመው ነገር አይኖርም፣ ቲጃኒም ከቆጥ ይወርዳል። ስለዚህ «የተበላሸ ገጽ ነው» አልኩ።

«አንዱን ወስዶ አንዱን ተወ» አለች። «የማንን እናት ልጅ ሰጥተህ ነው?»

«ዋላሂ፣ የማንንም አልሰጠሁም።»

«አንተ ክርስቲያን ነህ፣ ዋላሂ አይዝህም።»

የቲጃኒን ገጽ ቀድጄ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«አሁን ምን ያደርግልኛል» አለች። «ተነብቧል።»

ዓርብ መጣ፤ ከእኛ ቀበሌ ማንም አልተወሰደም። ከሌሎቹ ቀበሌዎች ወሰዱ። ይህ ነገሩን ያረጋጋዋል ብዬ ነበር፤ አባሰው። ማንም ካልተወሰደ ለዚህ የከፈለ ሰው አለ ማለት ነው፤ ደብተር ይዞ ከሊቀመንበሩ ቢሮ በሰላም የወጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቦራ እንኳ፣ አራት ልጆቻቸው ቤታቸው ተቀምጠው፣ በበረንዳዬ ሲያልፉ ሰላምታውን ለመኪናዬ ነው የሚሰጡት።

የቀበሌው መግለጫ በሐምሌ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወንድ 204፣ ሴት 611። መተዳደሪያ፥ የቤት እመቤት። ሰው እየመጣ ያነበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ የትኛው ጎረቤት እንደዋሸ ለማወቅም ይሞክራል።

ቲጃኒ ከቆጥ ወርዷል። መጀመሪያ በጓሮ፣ ቀጥሎ በመንገድ ይታይ ጀመር። መስከረም ላይ በፊቴ ሲያልፍ አዲስ ሱሪ ለብሷል፤ እናቱ ጅማ ነው ያሰፋችለት። ሰፊው ልኩን የወሰደው በአሮጌው ሱሪ ይመስለኛል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ልጁ አንገቱን ሰብሮ አለፈ። የሱሪ ቁመቱ መቶ ስድስት ሆኗል።

አልጻፍኩትም።