ከዘፈኑ የተቆረጠው ዝምታ

ሰው ሲናደድ ይግላል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፁ ይወፍራል። ሞሪያ ግን ስትናደድ ጣቶቿ ናቸው የሚቀዘቅዙት። ያን ዕለት አሎን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «እስቲ ስሚው፣ ቆንጆ ሆኗል» ብሎ ሲያቀብላት፣ ዘፈኑ ገና ሳያልቅ ጣቶቿ የበረዶ ውሃ ውስጥ የከረሙ መስለው ነበር።

የሰማችው የጋሽ ካሳውን ድምፅ ነው። ድምፁ የራሳቸው፣ ግጥሙ የራሳቸው፣ ከሥር ያለው ኪቦርድ ደግሞ የእሷው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዝምታው የት ሄደ?» አለችው።

«ቆረጥኩት።» አሎን የጊታር አስተማሪ ነው፤ የድምፅ ማሽኑንም እሱ ነው የሚይዘው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ዓይን ዓይንሽን ያይሻል። «ራቪት ናት ቁረጠው ያለችኝ። በኮንሰርቱ ቀን ቅጂው ይለቀቃል፣ እሱ ደግሞ ማይክ ይዞ አፉን ያንቀሳቅሳል። ማንም አያውቅም'ኮ።»

«እሳቸውስ? እሳቸውም አያውቁም?»

አሎን ሽቦ መጠቅለል ጀመረ።

ሁለቱ የሚሠሩበት የሙዚቃ ቤት ስሙ «ክፍት በር» ነው። ሃይፋ ከተማ፣ ሃዳር ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ። ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የሚከብደው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ፣ ከሰው ጋር መቀመጥ የሚጨንቀው፣ ሁሉም ይማርበታል። ይሄ እውነት ነው፤ ሞሪያም ብትሆን አትክደውም። እንዲያም ሆኖ የክፍት በር በር በምሥጢር ቁጥር ነው የሚከፈተው፣ ቁጥሩንም የምትቀያይረው የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ራቪት ናት።

ሞሪያ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጡ ወላጆች ልጅ ናት፤ ሃይፋ አጠገብ ክርያት ያም ተወልዳ ያደገች። ሙዚቃ በትምህርት ቤት ተምራ አታውቅም። ኪቦርድ የተማረችው ከስልክ ነው፤ የቀረውን ደግሞ በየሠርጉ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጎን ተጎልታ ጣቱን በዓይኗ እየሰረቀች። ራቪት እንግዳ ሲመጣ ትከሻዋን አቅፋ «ይህች ሞሪያችን ናት፤ በጆሮዋ ብቻ ነው የምትጫወተው!» እያለች ታስጎበኛታለች። አንድ ቀን ሞሪያ «አንቺስ በምንሽ ነው የምትጫወቺው? በጉልበትሽ?» አለቻት። እንግዶቹ ሳቁ፤ ራቪትም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ትከሻዋን አላቀፈቻትም።

ጋሽ ካሳው የጎንደር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ሃይፋ ወደብ ላይ ነው። ክሬኑን የሚነዳው ሰው ከላይ፣ ከሰማይ ጥግ ተቀምጦ የታቹን አጥርቶ አያይም፤ ስለዚህ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ያናግረዋል። አንሣ፣ ዝቅ፣ ወደ ግራ፣ ቁም። ያ ሰው ጋሽ ካሳው ነበሩ። ማታ ማታ ደግሞ የሠርግ ሰው ናቸው፤ ግጥም ያወጣሉ፣ ሕዝብ ይቀበላል። አንዱ ግጥማቸው እንዲህ ይላል፦

*ተራራ የሚያህል ብረት ተንጠልጥሎ፣*
*ይወርዳል በቀስታ እጄን ተከትሎ።*

ጉራ ነው። ግን ያምርባቸዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሰሰ። እግራቸው ተመለሰ፣ እጃቸውም ተመለሰ፣ አንደበታቸው ግን ቀረ። ከአማርኛውም ከዕብራይስጡም ተጣርቶ የተረፈላቸው አንድ የዕብራይስጥ ቃል ብቻ ነው፦ ቤሰደር፤ «እሺ፣ ደኅና» እንደ ማለት። ሲርባቸው ቤሰደር። ወገባቸውን ሲያማቸው ቤሰደር። ሞሪያን እንደዚህ የሚያንገበግባት ነገር የለም። ያ ሁሉ ግጥም የሚፈልቅበት አፍ፣ ያ ሁሉ ቅኔ ሲነጠቅ፣ አለቃ «ነገም ትገባለህ» ሲል የሚባለው «እሺ፣ ደኅና» ብቻ ይቅርለት?

ዘፈኑ ግን አልተነጠቀም። ሐኪሞቹም ነግረዋቸው ነበር፤ ንግግርና ዜማ ጭንቅላት ውስጥ ጎረቤት እንጂ አንድ ቤት አይደሉም አሉ። ክፍት በር መጥተው ሞሪያ ዜማውን ስትጀምርላቸው የመጀመሪያዋ ስንኝ ሳትሸራረፍ ትወጣለች። ከዚያ ይቆማሉ። ሁለተኛዋ ስንኝ የምትመጣው ስትመጣ ነው። አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ሰው ቡና አዝዞ እስኪቀርብለት። ሞሪያ መጀመሪያ ላይ በዚያ መሃል ኪቦርዱን እየነካካች ታግዛቸው ነበር፤ ይብስ ይጠፋባቸዋል። ኋላ ገባት። ግጥም አውጪ አይጣደፍም፤ ተቀባይ ነው የሚጠብቀው። እጇን ከቁልፎቹ አንሥታ ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው ያን ስንኝ ከየት እንደሆነ እንጃ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። ሲደርስ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን ላላየ መንገር አይቻልም። አሎን በመቀስ የቆረጠው ያንን ነው።

ሞሪያ የራቪትን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ጠይቄዋለሁ» አለች ራቪት፣ ሞሪያ ገና ሳትቀመጥ። «ቅጂ ብንጠቀም ይሻልሃል ወይ አልኩት። ቤሰደር አለኝ።»

«ቤትዎ እየተቃጠለ ነው ብትያቸውም ቤሰደር ነው የሚሉሽ! ሌላ ቃል የላቸውም! ዓመት ሙሉ እዚህ ሲመጡ ይሄን አታውቂም?»

«አትጩኺ።»

«አልጮህኩም፤ ስጮህ ታውቂዋለሽ።»

ራቪት መነጽሯን አወለቀች። «ሞሪያ፣ ልምምዱን አይቻለሁ። ሲቆም ሰው ሁሉ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ጫማቸውን ነው የሚያዩት! የሚደግፉን ሰዎች ይመጣሉ፣ የወደብ ጓደኞቹ ይመጣሉ። እንዲያዝኑለት አልፈልግም። ለእሱ ክብር ነው የማስበው።»

«እነሱ ስላፈሩ የእሳቸው አፍ ይዘጋ? ክብር ማለት ይሄ ነው? ታዲያ በሩ ላይ ለምን 'ሁሉም ሰው ይሰማል' ብለሽ ጻፍሽ? 'የምንፈልገው ይሰማል' በይ።»

«አንቺ የሙያው ትምህርት የለሽም» አለች ራቪት፣ ቀስ ብላ፣ ደግ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «ስሜት ነው ያለሽ። መድረክ ሌላ ነገር ነው።»

እሺ፤ ይቺንም ዋጠቻት። የት እንደምትተፋት ገና አላወቀችም ነበር።

በባቡር ጋሽ ካሳው የሚኖሩበት ክርያት ሐይም ወረደች። በሩን የከፈቱላት የጋሽ ካሳው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው፤ በአረጋውያን ቤት ሲሠሩ ውለው፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም። ጋሽ ካሳው ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሞሪያ ወጥ ቤት ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ነገሩን ከሥሩ ዘረገፈችው። ቅጂውን፣ መቀሱን፣ ክብሩን፣ የራቪትን መነጽር ሳይቀር።

ጥሩዬ ምስር እየለቀሙ ሰሟት።

«የሰው ቤት ነው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በሰው ቤት እንዴት ይጮኻል? ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል እንጂ እትዬ! ዝም ስንል ነው እንዲህ የሚጫወቱብን! እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ዝም አላችሁ፣ ምን ተረፋችሁ? ይኸው ዝም ማለታችንንም ቆርጠው ወሰዱት!»

ጥሩዬ እጃቸው ቆመ። ሞሪያ ከልክ እንዳለፈች ገባት፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ምስሩን ገፋ አድርገው ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምታዘፍኚው እኔን ነው እሱን?»

«እሳቸውን።»

«ቅጂውስ የማን ነው? የኔ ነው የሱ?»

«የሳቸው...»

«ታዲያ እሱ እዚያ ተቀምጦ እኔ ወጥ ቤት ምን ሁኚ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? በር ገርበብ አድርገሽ! አፉ ተያዘ እንጂ ጆሮው ተያዘ አሉሽ? ያቺ ሴትዮ እንኳ እሱን ጠይቃለች። አጠያየቋን አላወቀችበትም እንጂ ጠይቃለች። አንቺ ጭራሽ አልጠየቅሽውም።»

  ሞሪያ ከአንገቷ በላይ ሁሉ ጋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿ አልቀዘቀዙም።

ሰገነቱ ላይ ወጥታ ከጋሽ ካሳው ፊት ቁጢጥ አለች። አልጮኸችም። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከዚያ ስልኳን አግዳሚው ላይ አኑራ አሎን የላከላትን ቅጂ ከፈተችው። ጋሽ ካሳው የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። የመጀመሪያዋ ስንኝ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ሳትተነፍስ ተከተለቻት። ቅንድባቸው ተነሣ። ሌላ ሰው የራሳቸውን ኮት ለብሶ በመንገድ ሲያልፍ ያዩ መሰሉ።

«ይሄ እንዲለቀቅ ይፈልጋሉ ጋሼ? ወይስ በአፍዎ?»

ጠበቀች። አውቶቡስ መጥቶ ሰው አውርዶ ሄደ። «ቤሰደር» የምትለዋ ቃል ከንፈራቸው ላይ ስትደርስ አየቻት፤ ጥርሳቸውን ነክሰው መለሷት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን በፊቱ ደፉት። ድምፁ እንጨቱ ውስጥ ታፈነ። በመዳፋቸው ተጭነው ያዙት፤ እስኪያልቅ አልለቀቁትም።

በማግስቱ ሞሪያ ለራቪት «አይፈልጉም፤ ጠይቄያቸዋለሁ» አለቻት። ራቪት «እናያለን» አለች። የራቪት «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ የታየው በኮንሰርቱ ቀን መድረኩ ላይ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ለጋሾቹ፤ መካከል ላይ ጥሩዬና የክርያት ሐይም ዘመድ አዝማድ፣ ነጠላ የደረበው ደርቦ፤ ከኋላ ደግሞ የወደብ ሰዎች፣ ወንበር የጠበባቸው። ጋሽ ካሳው ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ሞሪያ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ከማሳረፏ በፊት ከድምፅ ማጉያው ኪቦርድ ተሰማ። የእሷው ኪቦርድ። ቅጂው ተለቋል።

*ተራራ የሚያህል...*

የጋሽ ካሳው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። የጋሽ ካሳው አፍ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ሰው መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ አንገት ለአንገት መዟዟር ጀመረ። ራቪት ከመድረኩ ጥግ አፏን እየከፈተች እየዘጋች ታሳያቸዋለች፣ ለሕፃን ማንኪያ እንደምታቀርብ እናት። ሞሪያ ከወንበሯ ተነሣች፤ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅላ ራቪት አንገት ላይ ልትጠመጥም።

አልደረሰችም። ጋሽ ካሳው ማይኩን በግራ እጃቸው ያዙ፤ ቀኝ ክንዳቸውን ከጎናቸው ቀጥ አድርገው ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ግራና ቀኝ ጠረጉት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዓይናቸው አሎን ላይ ነው።

አሎን ፈዘዘ።

«ቁም ብሎሃል'ኮ!» የሚል ድምፅ ከኋላ አንባረቀ። ጊልአድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ክሬን ላይ ተሰቅሎ የጋሽ ካሳውን እጅ ሲጠብቅ የኖረው። «አንተ ልጅ፣ ዕውር ነህ? ቁም ነው የሚልህ! እኔ በዚህ እጅ ላይ አንድ ጊዜ ዘግይቼ ኮንቴይነር ነው ባሕር የከተትኩት!»

የወደብ ሰዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። አሎን ራቪትን አየ፣ እጁን አየ፣ የጋሽ ካሳውን ክንድ አየ። የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነው። ቅጂው ከቃሉ ወገብ ላይ ተቆረጠ።

ጋሽ ካሳው ክንዳቸውን አወረዱ። ወደ ሞሪያ ዞረው አገጫቸውን ነቀነቁ። ተቀመጠች፤ ዜማውን ጀመረችላቸው።

*ተራራ የሚያህል ብረት ተንጠልጥሎ...*

በአፋቸው። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ግን በአፋቸው። ከዚያ ቆሙ።

ዝምታው መጣ። ሞሪያ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። አንዱ ሳለ። የፊተኛው ረድፍ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ራቪት እውነቷን ነበር፣ ጫማቸውን ነው የሚያዩት። ረዘመ። ከልምምዱ ሁሉ ረዘመ። ሞሪያ ራሷ፣ ስለዚህ ዝምታ ስትሟገት የከረመችው ልጅ፣ ጣቷ ሳታዘው ወደ ቁልፉ ሲሳብ አየችው። ትንሽ ላግዛቸው፣ አንድ ድምፅ ብቻ። በሌላኛው እጇ ጣቷን ያዘችው።

መካከል ላይ የተቀመጡት ግን ጫማ አላዩም። ጥሩዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገና ያልመጣውን ስንኝ ለመቀበል መዳፋቸውን ለጭብጨባ ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ዘመዱም ሁሉ እንደዚያው። ሠርግ ላይ ግጥም አውጪ ሲያስብ እንዴት ይጠበቃል? እንደዚህ ነው የሚጠበቀው።

*...ይወርዳል በቀስታ እጄን ተከትሎ!*

ጭብጨባው ወረደ፣ «እሰይ እጁ! እሰይ እጁ!» የሚለው ቅብብል ወረደ፣ የወደብ ሰዎችም ቃሉን ሳያውቁት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ካሳው በየስንኙ መሃል ቆመዋል። አዳራሹም በየመሃሉ አብሯቸው ቆሟል።

ሲያልቅ ከለጋሾቹ አንዷ የራቪትን ሁለት እጅ ይዛ «ቅጂውን በምልክት ማስቆሙ! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!» አለቻት።

ራቪት ጥቂት አመነታች። ጥቂት ብቻ። «ብዙ ለፍተንበታል» አለች።

ሞሪያ ሰማች። ጣቶቿ በረዶ ሆኑ። ያቺ የዋጠቻት ነገር፣ የራቪት «ስሜት ነው ያለሽ»፣ ከነእሾኋ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰች። ሁለት እርምጃ ሄዳ አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ ካሳው ከለጋሾቹ ትከሻ በላይ አዩዋት። መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ዝቅ አደረጉት። ጊልአድ አጠገባቸው ቆሞ ይስቃል።

«አውርጂው እያለሽ ነው» አላት።

«ገብቶኛል» አለች ሞሪያ።

ቁጣዋን እንደ ክሬን ጭነት አወረደችው። ግን መሬት አላስነካችውም። ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርጋ፣ እንደተንጠለጠለ፣ ራቪት የምትቆምበትን ቦታ በደንብ እያየች ያዘችው።