አቶ ወረቀት

«ቡና ልቅዳልህ ልጄ? ወይስ እናንተ ሐኪሞች ለእኛ የከለከላችሁትን ራሳችሁም አትጠጡም?» አለች ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የሟቿ እህት፣ ፔርሙዙን አንጠልጥላ።

«ይቅርብኝ እናቴ፣ አልቆይም» አለ ወጣቱ። በሩ ላይ እንደቆመ ወለሉን ያያል።

ባልየው፣ ልብስ ሰፊው፣ የወጣቱን ድምፅ ሲሰማ አወቀው። አቶ ወረቀት! ለወጣቱ ይህን ስም ያወጣችለት ሟች ሚስቱ ነበረች።

ኩላሊቷን ስትታከም፣ ሆስፒታሉ ለተለማማጅ ሐኪሞች ትምህርት የሚሆን መጠይቅ ለሕመምተኞች ያድል ነበር። ሰላም አለሽ? አዳመጠሽ? በሚገባሽ ቋንቋ አስረዳሽ? ዓይኗ ደክሞ ስለነበር እሷ ትናገራለች፣ ባሏ ይጽፋል።

«ልጁ ክፉ አይደለም» ትላለች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ። «ግን አንድ ቀን ፊቴን አላየም። የሚያወራው ከወረቀቱ ጋር ነው። ቁጭ ይበል፣ ይየኝ። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

ባሏ ደግሞ የሰው ልጅ ዕድል በኔ እጅ አይሰበርም ይልና፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ታዲያ ምነው አይሻሻልም? ደንቆሮ ነው እንዴ?»

ሁለት ዓመት እንዲሁ ጠየቀችው። ሁለት ዓመት ዋሻት።

«አባቴ፣ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት» አለ ሐኪሙ፣ አሁንም ለወለሉ። «እንደሳቸው ያመሰገነኝ ታካሚ የለም። መምህሮቼም ያንን አይተው ነው ያሳለፉኝ። ሰኞ ሌላ ከተማ ለብቻዬ ሥራ እጀምራለሁ።»

«መርቀህ ሸኘው» አለች እህትየው በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊው ምርቃቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሰኞን አሰበ፤ ሰኞ በዚህ ልጅ ፊት የምትቀመጠውን የማያውቃትን ሴት አሰበ።

«ልጄ፣ ያ ቃል የኔ ነው። የሷ አይደለም።»

የልጁ ጆሮ ቀላ።

«እና... እሳቸው ምን አሉ?» ብሎ ከኪሱ ማስታወሻና እስክሪብቶ አወጣ። «ይንገሩኝ፣ ልጻፈው።» አቀረቀረ።

«ፊቴን አላየም አለች።»

እስክሪብቶው ቆመ።

ልብስ ሰፊው ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልተቀመጠበትን የሚስቱን ወንበር ስቦ አጠገቡ አደረገው። ሐኪሙ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተና ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ሌላስ ምን ይሉ ነበር?»

የልብስ ሰፊው እንባ በጉንጩ ወረደ። መሐረቡ እጁ ላይ ነበር፤ ግን አላነሳውም። ይየው ብሎ ተወው።