ለማሽኑ የተነገረ ውሸት

ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲኬድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ፈዬራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆዳ ቆርጧል። ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ከአንገቱ እስከ ጭራው በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል። መዥገር የበላው፣ እሾህ የቧጨረው፣ ሲገፈፍ ቢላ የነካው፣ አንዱም አያመልጠውም። የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል፣ የጀርባው ይጸናል፤ የጫማው ፊት ከየቱ እንደሚወጣ ለመወሰን ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገውም።

ግንቦት ላይ በትልልቅ ሣጥን ታሽጎ አንድ ማሽን መጣ። ራሱ አይቶ ራሱ ይቆርጣል ተባለ። ከማሽኑ ጋር ሰኚ የምትባል ወጣት ኢንጂነር መጣች፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በቀጥታ ወደ ፈዬራ ጠረጴዛ ሄደች።

“አካም ቡልተን፣ ኦቦ ፈዬራ?”

ፈዬራ በዚያው በኦሮምኛ እግዜር ይመስገን አላት፤ ሆዱ ግን አልተቀበላትም። ከስምንት ቆራጮች መካከል የእሱን ስም ማን ነገራት? በእናቱ ቋንቋ ሰላም በይው ብሎ የመከራትስ ማን ነው?

የምርት ኃላፊው ተወልደ ነገሩን ቀላል አድርጎ አስረዳው። “ጋሽ ፈዬራ፣ ካሜራው ሥር ቆዳውን ይዘረጉና እንከን ያለበትን ቦታ በጠመኔ ይከብቡታል። በቃ። ማሽኑ ከእርስዎ ይማራል።”

“ከተማረ በኋላስ?”

ተወልደ ሳቀ። “ከዚያማ ሥራው ይቀልላችኋል።”

ፈዬራን ያስጠረጠረው ሳቁ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰው አይስቅም፤ ይመልሳል። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ የሚሠራው ጉቱ ነገሩን አባሰበት። “ጣትህን እየቀዱት ነው፣ ፈዬራ። ቀድተው ሲጨርሱ ባለ ጣቱን ምን ያደርጉታል?”

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያውን ሳምንት በሐቅ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሰኚ በስልክ ልታወራ ስትወጣ ኮምፒውተሯን ክፍት ትታው ሄደች። ፈዬራ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። የመቁረጫ አዳራሹ ፕላን ነበር። በሩ አለ፣ መስኮቶቹ አሉ፣ ማሽኑ መሃል ላይ ተሥሏል። ስምንቱ ጠረጴዛ የለም።

ለማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ከሰዓት ጀምሮ ግን በጠመኔው መዋሸት ጀመረ። ንጹሑን ጀርባ ይከብባል፤ መዥገር የበላውን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ልል የሆነውን ሆድ “ለጫማ ፊት ይሆናል” ይላል። ሰኚ ትጽፋለች። ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሲመለስ እንደ ወትሮው አጥርቶ ይቆርጣል። ቀና ባለ ቁጥር የምታየው ይመስለዋል፤ ባየችው ቁጥር ያወቀችበት ይመስለዋል። ቤት ገብቶ ባለቤቱ ሶሬቲ “ምነው ከሳህ?” ስትለው “ሙቀቱ ነው” አላት። ክረምቱ ግን ገብቶ ነበር።

ነሐሴ ላይ ማሽኑ ሥራ ጀመረ። በቆረጠው ቆዳ የተሰፉት ናሙና ጫማዎች ሲተጣጠፉ ፊታቸው ተሰነጠቀ፤ ግማሾቹ ገና ሳይነኩ ተለጥጠው ቅርጻቸውን አጥተዋል። ገዢው ናሙናውን አልቀበልም አለ። ተወልደ አዳራሹ መሃል ቆሞ ሰኚን በሰው ፊት አብጠለጠላት። “ሦስት ወር ሙሉ ምን ስታስተምሪው ነበር?” ሰኚ ጎንበስ ብላ የተሰነጠቁትን ጫማዎች መሰብሰብ ጀመረች። ፈዬራ ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ደስ አላለውም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰኚ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

“ጋሽ ፈዬራ፣ ካሜራው ሥር ‘ደህና ነው’ የሚሉትን ዓይነት ቆዳ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲያገኙት ይጥሉታል። ካወቅሁ ቆየሁ።”

ፈዬራ ቢላዋውን አስቀመጠ። “ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ብናገር ያባርሩዎታል። መዋሸቱን ይተዋሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አጠፋሁ።”

ይቺ ልጅ ከእኔ ምን ፈልጋ ነው? አለ በሆዱ። ደግነቷም እንደ ወጥመድ ታየው። “ፕላኑን አይቻለሁ” አላት። “ስምንቱ ጠረጴዛ የት ገባ?”

ሰኚ ወደ ተወልደ ቢሮ ገልመጥ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አራት ሰው ማሽኑ ላይ ይቀራል። ሌሎቹን ወደ ሌላ ክፍል እናዛውራለን ብለውኛል። የእውነት ይሁን አይሁን አላውቅም” አለች።

ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመናት ያኔ ነው፤ አላውቅም ስትል።

ቢላዋውን ጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ተወልደ ቢሮ ገባ። “ልጅቷን ተዋት። ማሽኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ” አለ።

ተወልደ ከወንበሩ ተነሣ። “አውቀው? እያወቁ?”

“እያወቅሁ። አሁን ብታባርረኝ እባረራለሁ፤ ማሽንህ ግን እንደዚያው ይቀራል። እንደገና በሐቅ ላስተምርልህ እችላለሁ። ስምንታችንም እንደማንቀነስ በወረቀት ጻፍልኝ፤ ስማችን ይኑርበት፣ ማኅተም ይኑርበት።”

ተወልደ ጮኸ፤ በር አሳየው፤ ከሰዓት መልሶ አስጠራው። በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ተሰጠ። አራቱ ማሽኑ ላይ፣ አራቱ ሙጫ ክፍል፣ ደረጃቸው እንደተጠበቀ። ፈዬራ ስም በስም አነበበው፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ጠመኔውን አነሣ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ክብ አላዛባም። ጥቅምት ላይ ገዢው ጫማውን ተቀበለ። ሰኚ ወደ ሌላ ፋብሪካ ስትዛወር ሁለት እጇን ዘርግታ ተሰናበተችው።

ጉቱ ሙጫ ክፍል ደረሰው። ሽታው ራሱን ያዞረዋል፤ ሃያ ዓመት ቆዳ በመቁረጥ የሠለጠነ እጁ ብሩሽ ይዞ ይውላል። ፈዬራ ደብዳቤውን ይዞለት ሄደ። “እየው፣ ስምህ አለ። የማንንም እንጀራ አልነካሁም።”

ጉቱ ወረቀቱን አልተቀበለውም። “የአንተ ስም ማሽኑ ጋ፣ የእኔ ሙጫ ጋ። ማን ነው የደለደለው?”

“እነሱ ናቸው። በእናቴ፣ እኔ አይደለሁም።”

“ለአራት ቀን ከተወልደ ጋር በር ዘግታችሁ ነበር” አለ ጉቱ፤ “እኔ ከበሩ ውጭ ነበርኩ።”

ማታ ከሥራ ሲወጡ ወደ ሃያ ሁለት በሚሄደው ሚኒባስ አንድ ላይ ይሳፈሩ ነበር። የዚያን ቀን ፈዬራ ከኋላ ገብቶ አጠገቡ ቦታ ያዘለት። ጉቱ በሩ ጋ መጣ፣ ውስጡን አየ፤ ረዳቱ “አንድ ሰው! አንድ ሰው!” እያለ ሲጠራ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቀጣዩን ጠበቀ።