ለሦስት ቀን የተቀጠረው ምክትል

ፋብሪካው ኃይል የሚያገናኙና የሚያቋርጡ አምስት ትልልቅ ብሬከሮች አሉት። አራቱ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ቁልፍ ሲጫኑላቸው ወዲያው ይገባሉ፤ ኃይሉም ወደ ማሽኖቹ ይለቀቃል። ሦስት ቁጥር ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ ግባ ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል። እሱን የሚያስገባው ምክትሉ ነው። ምክትሉ ጫፉ ላይ ጎማ የተጠቀለለበት የመጥረጊያ እንጨት ሲሆን፣ አንድ ሰው ካቢኔው ፊት ይቆምና በእንጨቱ የእጅ መግፊያውን ይጫነዋል። ያለሱ ሥራ ስለማይጀመር ሠራተኛው ከአለቃው ቀጥሎ ያለውን ማዕረግ ሰጥቶታል።

ዘንድሮ ምክትሉን የሚይዘው የሮንዴላ ታናሽ ወንድም ነው። ሮንዴላ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ናት። በልጅነቷ ከአባቷ የሥራ ሳጥን ሮንዴላ፣ ያችን መሐሏ ቀዳዳ የሆነች የብሎን ቀለበት፣ እየለቀመች፣ በክር ሰክታ አንገቷ ላይ ታንጠለጥል ስለነበር ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አባቷም እዚሁ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ሦስት ቁጥርን በዚያው እንጨት ሲያስገቡ መስመሩ ላይ ብልሽት ኖሮ፣ ከካቢኔው የወጣው እሳት ቀኝ እጃቸውን በላው። ዛሬ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው እናቷ ናት።

የዓመቱ ጥገና የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ስምንት ሰዓት ላይ ኃይል መመለስ አለበት። አለቃው ብቅ ብለው ሦስት ቁጥር ከካቢኔው ተስቦ ወጥቶ፣ ክዳኑ ተፈትቶ ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"አትድከሚ ሮንዴላ። ምክትሉ አለልን አይደል?"

"ምክትሉን የሚይዘው ወንድሜ ነው፣ አለቃ። ሦስት ቁጥር ዛሬ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይገባል።"

"እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ካልገባ በእንጨት ይገባል።"

"እስከ ስምንት ሰዓት የኔ ነው" አለችና ፊቷን ወደ ብሬከሩ መለሰች።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን፣ ኃይል ሲያገኝ ዘንግ በሚገፋው ጥቅል ሽቦ፣ በኮይሉ ያላክካል። ኮይሉ ደግሞ ባለፈው ዓመት የተቀየረ አዲስ ነው። ብሬከሩን የሚያስገባውን ስፕሪንግ አላልታ ለኮይሉ ብቻ ኃይል ሰጠችውና ጎንበስ ብላ አየች። የኮይሉ ዘንግ መትቶ ሊያስለቅቀው የሚገባውን የስፕሪንጉን መያዣ ተደግፎ እንዝዝዝ ይላል እንጂ አይመታውም። ለካ ሲነሣም ከመያዣው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሰው እንኳን ቦይ ሲዘል ወደ ኋላ ብሎ ይንደረደራል፤ ለዚህ ምስኪን ዘንግ መንደርደሪያ አልተተወለትም። አንድ ሰው የዘንጉን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆታል።

በዚያ ፋብሪካ ማስተካከያ የነካ ሁሉ ብሎኑን በሚያስረው ዳዶ ላይ የራሱን ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ኋላ ጥፋት ቢመጣ ባለቤቱ እንዲታወቅ። የሷ ሰማያዊ ነው። የደረቀውን ቅባት በጨርቅ ስትጠርገው ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ቢጫ የአባቷ ነው።

አዘነችላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። እጃቸውን የበላውን እንጨት ያመጣው የገዛ እጃቸው ነበር ማለት ነው። ስድስት ዓመት "ኮይሉ፣ ኮይሉ" ሲሉ ስታምናቸው ኖራለች።

መመሪያ መጽሐፉ በዚያ እሳት ተቃጥሏል። ብሎኑን በግምት ብታላላው ዘንጉ መያዣውን ላይደርስበት ይችላል፤ ብታጠብቀው ደግሞ ብሬከሩ ሳይታዘዝ ሊገባ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣል አልፈለገችም። ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ ሦስት ቁጥርን ከፍቼዋለሁ።"

"ኮይሉ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?"

"ኮይሉ ደኅና ነው። ዳዶው ላይ ቢጫ አለ።"

ከወዲያ በኩል ሬዲዮ ሲጠፋ ተሰማ።

"ቢጫ የሚቀባ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?"

"አዎ።"

አሁን ዝም ብትላቸው ስልኩን እንደሚዘጉት አውቃለች።

"ልወቅስዎት አይደለም፣ አባባ። ስምንት ሰዓት ላይ እንጨቱን የሚይዘው ልጅዎ ነው። ስንት ዙር ነው ያጠበቁት?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉ ቀስ ብለው። "አንድ ቀን አልገባ አለኝ። ቅባቱ ደርቆ ነው መሰለኝ። አለቆቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ቀረብ ባደርገው ይበረታል ብዬ ግማሽ ዙር አጠበቅሁት፤ ገባ። በሳምንቱ እምቢ ሲል ሌላ ግማሽ። እንዲያ እንዲያ እያልኩ ሁለት ዙር ተኩል። ከዚያ ወዲያ ቦታ አለቀና መጥረጊያውን አነሣሁ። ለሦስት ቀን ብዬ ነበር።"

"አይዝጉት፤ ይጠብቁኝ።"

ስልኩን ድምፁን ከፍታ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። የደረቀውን ቅባት አጠበች፤ አዲስ በስሱ ቀባች። ብሎኑን ሁለት ዙር ተኩል ወደ ኋላ መልሳ ዳዶውን አጠበቀች። ስፕሪንጉ ተወጥሮ፣ ብሬከሩ ከትልቁ መስመር ሳይገናኝ ወንድሟ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሞከረው። ገባ። ደገመው፤ ገባ። ሦስተኛው ላይ እምቢ አለ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው።

"ምን ሆነ?" አለ ስልኩ።

"ሁለቴ ገብቶ ተወ።"

"ዳዶውን ስታጠብቂ ብሎኑን በካቻቪቴ ያዝሽው? አብሮ ይዞራልኮ። እኔንም ያሞኘኝ ነበር።"

አልያዘችውም ነበር። ስፕሪንጉን አላልታ፣ ብሎኑን አስተካክላ፣ በካቻቪቴ ጥርሷን ነክሳ ይዛ ዳዶውን አጠበቀችው። ከዚያ ሃያ ጊዜ አስሞከረች፤ ሃያ ጊዜ ገባ። ቢጫውን አልፋቀችውም። ከጎኑ ሰማያዊዋን ጠብ አደረገች።

ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ብሬከሩ ቦታው ተመለሰ። አለቃው ምክትሉን ይዘው መጡ።

"ለማንኛውም ብዬ ነው።"

ሮንዴላ እንጨቱን ተቀበለቻቸው፤ ሰዉን ሁሉ ከክፍሉ አስወጣች፤ በሩን ቆለፈች። ከኮሪደሩ ጫፍ ለወንድሟ በሬዲዮ "አሁን" አለችው።

ከበሩ ወዲያ ጓ የሚል ድምፅ መጣ፤ የኮሪደሩ መብራቶች ተከታትለው በሩ። አለቃው ባዶ እጃቸውን ዝቅ ብለው አዩና ኪሳቸው ከተቱት።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

"ገባ?" አሉ አባቷ።

"ገባ፣ አባባ።"

"ፊቱ ማን ቆሞ ነበር?"

"ማንም።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

"ማንም አልነበረም፣ አባባ።"