የግራ ጎኗ ጠማማ አጥንት

የሆስፒታሉን ራጅ የሚያነሳውን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ «ራጅ» እያለ ነው የሚጠራው። ሙያውን የለመደው ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ጎን ቆሞ ነው እንጂ ብዙም አልተማረም። ወሬ ሲጀምር ግን ፕሮፌሰር አጠገቡ አይደርስም። ማንኪያ የዋጠ ሰውዬ ባነሳ ጊዜ ማንኪያው ላይ ሾርባው ሳይፈስ ቁጭ ብሎ አይቻለሁ ብሎ የማለ ነው። የሚምለውም በማሽኑ ነው፤ በእግዚአብሔር አይምልም። «አርባ ሺህ ደረት አንስቻለሁ፤ ነፍስ የምትባል ነገር አንድ ቀን እንኳ ብልጭ ብላብኝ አታውቅም» ይላል።

ይህን የሚለው በተለይ ታላቅ እህቱ ፊት ነው። እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች፣ በየጠዋቱ ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት ናት።

«ማሽንህ ጉንፋን እንኳ አያሳይም» ትለዋለች። «ፈጣሪን አላሳየኝም ብለህ ታኮርፈዋለህ?»

«እታለም፣ ወይ ሳይንሱን ወይ ጸሎቱን ምረጪ። ሁለት ባል አይገባም።»

«አንተ አንዱንም አላገባህም፤ ዝም በል።»

ሲቀላለዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ሳል ያዛት። ያነሳት ራሱ ነው። ቀኝ ሳንባዋ ላይ ቡጢ የሚያህል ጥላ አየ። በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ የካንሰር መርፌ ትወጋ ጀመር። ጸጉሯ ረገፈ፤ የበላችው አልረጋላት አለ። እሷ ከመርፌው በፊትም በኋላም ትጸልያለች፤ እሱ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አድፍጦ ይጨቀጭቃል።

ከአምስተኛው መርፌ በኋላ አንድ ቅዳሜ «ካላነሳሁሽ» ብሎ ሙጭጭ አለባት። «አየር ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» አላት። ይህችን ነገር ለሚያነሳው ሰው ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ይላታል። ፊልሙ ሲወጣ ጥላው ቡጢ መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ሳንባዋን ይዞታል።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እህቱ በሩ ጋ ሻርፗን እያስተካከለች ስትጠብቀው፣ እጁ ጠረጴዛው ላይ ወደነበረው የሌላ ሴት ፊልም ሄደ። ሥራ ልትቀጠር ለምርመራ የመጣች ጤነኛ ናት፤ ሳንባዋ እንደ ታጠበ መስታወት ነው። ስሟ የተጻፈበትን ጥግ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ መስኮቱ ላይ አስደገፈው።

«እታለም፣ ድራሹ ጠፍቷል።»

ለአንድ እሑድ ብቻ ነበር ያሰበው። ደስ ብሏት ትዋል፣ ሰኞ እነግራታለሁ ብሎ። እሷ ፊልሙን ትክ ብላ አየችው። እሱንም አየችው። ከዚያ ግንባሩን ሳመችው።

ሰኞ ሲደርስ «ነገ እነግራታለሁ» አለ። ማክሰኞ የመርፌዋ ቀን ነበር፤ አልመጣችም። ነርሷን ቢጠይቃት «አልሰማህም እንዴ? እሑድ ጸሎት ቤት ቆማ አመስግና፣ መርፌውን በቃኝ ብላለች» አለችው።

እምነት ሰው ከሕክምና ያስቀራል እያለ ሲከራከር ኖሮ፣ እህቱን ያስቀራት የገዛ ቅጥፈቱ ሆነ። ጨረር የሚከለክል እርሳስ የተሰፋበትን ከባድ ሽርጥ ሳያወልቅ ወደ ቤቷ ሮጠ። መንገድ ላይ የሚያውቁት «ራጅ፣ ጦርነት ተጀመረ?» እያሉ ሳቁበት። «አድርሰኝ፣ አድርሰኝ» እያለ ነበር የሚሮጠው፤ ማንን እንደሚለምን ልብ አላለም።

አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ አገኛት።

«ፊልሙ ያንቺ አይደለም» አለ ገና ከበሩ። «ዋሸሁሽ። ተነሺ፣ መርፌው አያምልጥሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ያንን በር የሚያህል ነገር አውልቅና ተቀመጥ።»

ሽርጡን ወለሉ ላይ ጣለው። እሷ ግራ ጎኗን ዳበስ አደረገች።

«አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ድመቷ ጣሪያ ላይ ክንፍ አውጥታለች ብለህ መሰላል አስወጣኸኝ። ወድቄ የተሰበረው ጎኔ ጠምሞ ገጠመ። ያሳየኸኝ ፊልም ላይ ያለው ጎን ግን እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ነው። ስንት ዓመት አጽም አስተምሬ ይህ ይጠፋኛል? አውራ ጣትህም ከጥጉ አልነሳ ብሎ ነበር።»

«ታዲያ መርፌውን ለምን ተውሽ?»

«ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኛል። ከእንግዲህ መርፌው ማሠቃየት ብቻ ነው አለኝ። ላንተ እንዳይነግርህ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ተደረገልሽና አመሰገንሽ?» አላት።

«እስከ ዛሬ ስለ ተነፈስኩት። መርፌውም ጥቂት ወር ጨምሮልኛል፤ ስለ እሱም። ደግሞ አንድ ቀጣፊ ወንድም ስለ ሰጠኝ።»

«ካላዳነሽ ምን ያደርግልሻል?»

«አላውቅም፤ አልቅሼ ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰልኝም። ያነበብኩት የሳይንስ መጽሐፍም ሁሉ ይህን አልመለሰልኝም። ሁለቱንም ግን አልተጣላኋቸውም።» እጁን ያዘችው። «ጸልይልኝ።»

«አልችልበትም እታለም።»

«እንግዲያው የምትችለውን በለኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተጠግቶ መዳፉን ጠማማዋ አጥንት ላይ አሳረፈ።

«ሳቢ» አላት። ሳበች፤ አየሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ያዢ።» ያዘች።

የቀረችው «ልቀቂ» የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣ አለች። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እህቱ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፤ በመጨረሻ ሳቋ አመለጣትና ትንፋሿን ራሷ ለቀቀችው። ሳሉም ተከትሎ መጣ።

«አንተ፣ ቀኔ ሳይደርስ ልትገድለኝ ነው?» አለችው እያሳለች።

እሱ ግን እጁን ከጎኗ አላነሳም።