የአልጋው ግርጌ ወረቀት

ባለቤቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ስትተኛ፣ እኔ ክፍሉን ከእሷ በፊት አውቀው ነበር። በየአልጋው ጎን የነበሩትን አሥራ አራት ወንበሮች የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አናጢ ነኝ። ሥራውን የሰጠችኝ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት።

«አባባ፣ ዝቅ ያለ፣ መደገፊያ ያለው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥበት ወገቡን የማይቀጣ ይሁንልኝ» አለችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለቤተሰብ።»

ሳቅሁ። ያኔ ሆስፒታል ውስጥ ቤተሰብ ማለት በር ላይ ከዘበኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ማለት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ሲስተር ከነርሶች ኮሌጅ አስተማሪዎች ጋር ሆና ጥናት ጀምራለች። የታመመውን ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ ከበር ከማባረር አጠገቡ እናስቀምጠው፣ ማገላበጡን፣ ማጠቡን፣ ማጉረሱን እናስተምረው፣ ያየውንም እንጠይቀው ነው የሚሉት። አንድ ድርጅት ለዚህ የሁለት ዓመት ገንዘብ ሰጣቸው። ወንበሮቹም፣ የነርሶቹ ሥልጠናም፣ በየአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለው ወረቀትም ከዚያ የመጡ ናቸው።

ይህን ወረቀት ልብ በሉልኝ። አራት ጥያቄ አለው። እንዴት አደረች? ምን ያህል በላች? ሕመም አላት፣ ካለስ የት ላይ? ከትናንት ምን ተለየ? በየማለዳው አስታማሚው ይሞላዋል። ሁለት ሰዓት ላይ የአዳር ነርሶች ለቀኖቹ ሲያስረክቡ፣ ከሐኪሙ ትእዛዝ እንኳ ቀድሞ የሚነበበው እሱ ነው። እኔ በጉልምስናዬ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ የጻፍኩት ነገር ነጭ በለበሱ ሰዎች ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ባለቤቴ ግን ምን ያመልጣታል! «የአናጢ ጽሕፈት! ሁሉም ፊደል ሚስማር ይመስላል» ትለኛለች ጋደም እንዳለች።

«ይነበባል አይደል?»

«ይነበባል። ይወጋልም።»

አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ እህቷን የምታስታምም ሴት ነበረች። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ብለናታል። «እማማ፣ እኚህን ሰውዬ አርባ ዓመት እንዴት ቻሏቸው?» ስትላት፣ ባለቤቴ «ቀን ቀን እንጨት ቤት ስለሚውል ነው። አሁን ገና ነው አብሬው መዋል የጀመርኩት» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀን እኔ፣ ማታ ልጃችን ነበርን አጠገቧ። ዳሌዋ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ደህና ይዟል። ሲስተር በእጇ ይዛ እንዴት እንደማገላብጣት አሳይታኛለች፤ ትራሱን ከጉልበቷ በታች የት ላይ እንደማደርገው ሳይቀር። ባለቤቴ ሲስተርን እንደ ልጇ ወደደቻት። «ይቺ ልጅ ምሳ ትበላለች?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ ራሷ ሾርባዋን ሳትጨርስ።

በስድስተኛው ቀን ሲስተር አስታማሚዎቹን መተላለፊያው ላይ ሰበሰበችን። «ከነገ ወዲያ የድርጅቱ ሰዎች ይመጣሉ» አለች። «ሥራው ጠቅሟል ካሉ ሦስት ዓመት ይጨምሩልናል፤ ለሕፃናቱም ለወንዶቹም ክፍል እናደርሰዋለን። ካልጨመሩ አስተዳደሩ ወንበሮቹን አውጡ ብሏል። የሚያዩት እነዚህን ወረቀቶች ነው። እናንተ እንደ ሁልጊዜው ጻፉ።» ክፉ አላሰበችም። እንደ ሥራ ባልደረባ ቆጥራን የልቧን ነገረችን፤ ያ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ልጃችን ወደ ሥራዋ ሄዳ እኔ ስቀመጥ፣ ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ይቺ ግራ ባቴ ይዛኛለች» አለችኝ።

ነካኋት። ትሞቃለች። ከቀኟ ትንሽ ያበጠችም መሰለኝ። ወረቀቱን ከግርጌ አነሣሁ። «ሕመም አላት?» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«ያልሽውን ነዋ።»

«ተው እንጂ! እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፣ ከዚያ ትጽፈዋለህ። ያቺ ልጅ ስትሯሯጥ አላየሃትም? በእኔ እግር ትሰናከል?»

«ሲስተር ብታውቅ ትቆጣለች።»

«ማን ይነግራታል? ሁለት ቀን እኮ ነው። አንተ ሚስማርህን ምታ።»

ደግሞ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እኔም ወድጄው ነው። ወንበሮቼ ተሰብስበው መጋዘን ሲገቡ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ሲስተር ስታለቅስ ታየችኝ። «ሕመም፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ሲነበብ ሲስተር ፈገግ አለችልን፤ ባለቤቴም ከብርድ ልብሱ ሥር ጣቴን ጨበጠችኝ። ልክ እንደ ሌቦች።

እንግዶቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንዷ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት። ባለቤቴን «እንዴት ነው እዚህ?» አለቻት።

«ቤቴ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ሰውዬው ብቻ እዚህም ድረስ መጥቶ ይጨቀጭቀኛል።»

ሳቁ። አልፈው ወደ ሦስተኛው አልጋ ሄዱ። እነሱ ጀርባቸውን እንደሰጡን ባለቤቴ የወንበሬን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

«መስኮቱን ክፈትልኝ፣ አየር አጠረኝ።»

መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሲስተር ሮጣ ደረሰች፣ ሐኪሙ ደረሰ፣ ኦክስጅኑን ጎትተው አመጡ። እኔን ወደ መተላለፊያው አወጡኝ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ኖሮ ከዚያ ተነሥቶ ሳንባዋን ዘጋው። «እግሯን ያማት ነበር?» አለ። ሲስተር ወረቀቱን ገለጠች። «ሕመም አልነበራትም። ይኸው፣ ትናንትም ዛሬም የለም ይላል።» እኔ እዚያው ነኝ። አፌ ነበር፤ አልከፈትኩትም።

በሐዘኑ ሰሞን ሲስተር ቤት ድረስ መጣች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ወረቀቱ የለም ቢልም ገልጬ ማየት ነበረብኝ። ለእንግዶቹ ስል ተሯሯጥኩና ሳላያት ቀረሁ። ከክፍሉ እንዲያነሡኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ» አለች።

«አይዞሽ ልጄ» አልኳት። አይዞሽ! እንዴት ያለ የፈሪ ቃል እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሸኝቻት ስመለስ ልጄ የእናቷን ልብስ እያጠፈች ታለቅሳለች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትጥላኝ» አለች። «እማዬ በመጨረሻዋ ማታ ባቴን እሺልኝ ብላኝ አሽቼላት ነበር። ለነርሶቹ አትንገሪ አለችኝ። አንተ ማለዳ ትጽፈዋለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔ እንደምጽፍ አምናኝ! ተቀመጥኩ። ሁሉን ነገርኳት። አልጠላችኝም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሲስተር ማመልከቻዋ ከመጽደቁ በፊት፣ ጥናቱን የያዙት ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቀን ነበር። ሄድኩ። የነርሶቹ ሻይ ክፍል ውስጥ ሲስተር፣ የኮሌጁ አስተማሪና ባለመነጽሯ ሴት ተቀምጠዋል። ወንበር ሰጡኝ፤ የራሴን ወንበር። አልተቀመጥኩም።

«ባለቤቴን ባቷን ያማት ነበር» አልኩ። «ትሞቅ ነበር፣ አብጣም ነበር። በእጄ ነክቻታለሁ። የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ላይ ምንም ጥፋት የለም።»

ሲስተር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ባለመነጽሯ ቀስ ብላ «ለምን፣ አባባ?» አለችኝ።

«ስለወደድናት። ገንዘቡ እንዳይቀርባት።»

አስተማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንዲህ ያሉ ስንት ወረቀቶች ይኖሩ ይሆን?» አለ፣ ለራሱ ነው ያለው። በኋላ ሲጠይቁ፣ ሬዲዮን ጨምሮ ዘጠኝ አስታማሚዎች ሕመም አሳንሰን ጽፈናል አሉ። ሁሉም ያው እንደ እኔ ነው፤ ለሲስተር ብለው።

ገንዘቡ ያን ዓመት አልተጨመረም። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ቆሞ ጠቅሟል ማለት አይቻልም ተባለ፤ እውነት ነው፣ አይቻልም። ወንበሮቹ መጋዘን ገቡ። ሲስተር ግን ማመልከቻዋን መልሳ ወሰደች። ከአስተማሪውና ከባለመነጽሯ ጋር ሆነው ሌላ ጥያቄ ጽፈው አስገብተዋል፦ አስታማሚ ነርሱን ሳይፈራም፣ ሳይራራለትም እውነቱን እንዲናገር ምን ይደረግ የሚል። መልሱ ገና አልመጣም። እኔም በየሳምንቱ መጋዘኑ እየሄድኩ የወንበሮቹን እግር አጠብቃለሁ።

ያን የስብሰባው ቀን ግን፣ ሌሎቹ ሲወጡ ሲስተር ቀረች። ዓይኗ ቀልቷል። «የገንዘቡን ነገር እናንተ ላይ መጫን አልነበረብኝም» አለች። ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ የባለቤቴን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የመጨረሻው መስመር ላይ «የለም» የሚለው የኔ ሚስማር ቆሟል።

«አባባ፣ ያንን አይሰርዙት። ይቆይ። ከሥሩ ይጻፉልኝ።»

ብዕሩን ሰጠችኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ ስለምጽፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እሷም አላቻኮለችኝም።

«ሕመም፦ አለ» ብዬ ጻፍኩ። «ግራ ባቷ ላይ። ይሞቃል፣ አብጧል። አትጻፍ ብላኛለች።»