አንገት የሚያስደፋ ካሜራ

ሲላስ ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምራል። ሰው ሁሉ የየራሱ ዓመል አለው፤ የእሱ ዓመል አሮጌ የፊልም ካሜራ ነው። ካሜራ ሲመርጥ አይቸኩልም። መጀመሪያ ያሸተዋል፤ የእርጥበት ሽታ ካለው ሌንሱ ሻጋታ ይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቁልፉን ይጫናል፤ ጥርት ያለ «ቀጭ» ካላለ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ሌንሱን በባትሪ እያበራ እንደ ዓይን ሐኪም ይመረምራል። ሚስቱ አቢጋኤል ነርስ ናት። «በሽተኛው ሁሉ እንዲህ ቢመረመር ኖሮ እኛ ሥራ እንፈታ ነበር» ትለዋለች።

ጥር ላይ፣ ጃጁራ ውስጥ የአንድ የድሮ ፎቶ አንሺ ሚስት፣ እማማ ትርፊት፣ ካሜራ አስቀምጠዋል የሚል ወሬ ሰማና በገበያ ቀን ሄደ። እማማ ትርፊት ከአልጋ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ዕቃ ጎትተው አወጡ። ሲገለጥ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ሁለት ሌንስ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። ከላይ ያለው ለማየት ነው፣ የታችኛው ለማንሳት። ማየት የፈለገ ሣጥኑን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። ሲላስ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። ባትሪውን አውጥቶ አበራ።

«ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?» አሉ እማማ ትርፊት።

«ሻጋታ እየፈለግኩ ነው እማማ።»

«ይገርማል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኬን አብሬው ስኖር እኔን አንድ ቀን እንዲህ ትኩር ብሎ አላየኝም።»

ሌንሱ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም፤ ካሜራውን ሲያስረክቡት ግን እጁን ያዝ አድርገው፣ «ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳትቀብረው፤ ሰው ይይበት» አሉት። ቃል ገባ።

ቃሉን የሚጠብቅበት አጋጣሚ ወዲያው መጣ፤ የአቢጋኤል ወንድም ኢዮብ በአዲሎ ከተማ ሊያገባ ነው።

«ስልክህ ይበቃል» አለች አቢጋኤል ሻንጣ ስታዘጋጅ።

«ስልክ ይቀርጻል። ይሄ ግን ያያል።»

«እንግዲህ የሚያየውን እናያለን።»

አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሳው። ሲላስ አዲሎ እስኪደርስ አሥራ አንዱን በልምምድ ጨርሶታል፤ በዚህ ካሜራ መስታወት ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ስለሚታይ ልምምዱ ቀላል አልነበረም። የቀረችውን አንዷን ለቤተሰቡ ፎቶ አስቀመጣት።

ከምሳ በፊት ቤተዘመዱ ግቢው ውስጥ፣ እንሰቱ ጥግ ተሰበሰበ። መሐል ላይ የአቢጋኤል አጎት ጋሽ አስፋው ቆመዋል። ጋሽ አስፋው የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲላስን ይወዱታል፣ ግን «ልጁ ደህና ነው፤ ጸሎት ላይ ቀዝቀዝ ይላል» ይሉ ነበር። ሲላስ ፊታቸው ቆመና፣ «እስቲ አንዴ በአንድነት ቁሙልኝ» አለ። ክዳኑን ከፈተ። ጥቁሩን ሣጥን ደረቱ ላይ አስጠግቶ አንገቱን ደፋ።

ያ ሣጥን ከሩቅ ለሚያየው ካሜራ አይመስልም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚመስለው። ጋሽ አስፋው አማቻቸው ምሳውን ሊባርክ መሆኑን ሲረዱ ደስ ብሏቸው ቆባቸውን አወለቁ። እሳቸው ሲያወልቁ ሌላው አንገቱን ደፋ። ሙሽሮቹም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጆች ዝም አሉ።

ሲላስ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው የሰው አናት ብቻ ሆነበት። ፀሐዩ አስቸግሯቸው ነው ብሎ ቀና እስኪሉ ጠበቀ። እነሱ ደግሞ አሜን እስኪል ጠበቁ። ሰዎቹን መሐል ለማድረግ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ባሰ። ወደ ግራ ተመለሰ። ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የእግሩን ኮቴ የሰሙ አንዲት አክስት፣ «መንፈስ ነክቶታል» ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ። ከፊት መስመር ላይ «አዎን ጌታ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

በዚህ መሐል ፀሐዩ በእንሰቱ ቅጠል ሾልኮ የተደፉት አንገቶች ላይ አረፈ። ሲላስ እንዲህ ያለ ብርሃን አይቶ አያውቅም፤ ጣቱ ሳያማክረው ተጫነ። ቀጭ።

«ተነሣ» አለ ሲላስ፣ ፎቶውን ማለቱ ነው።

«በእውነት ተነሥቷል፤ ሞትን ድል ነሥቶ» አሉ ጋሽ አስፋው። «አሜን» አለ ግቢው በሙሉ።

ከአቢጋኤል በቀር የገባው አልነበረም፤ እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ አስፋው መጥተው ሲላስን አቀፉት። «ዛሬ ነው ያወቅኩህ ልጄ። ቃል አታበዛም።» እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ግን በዚያው ቅጽበት ከሁሉ የሚበልጠው የክትፎ ሳህን ፊቱ ቀረበ። «ጌታ ይመስገን» ብቻ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ከአዲሎ ስልክ በተደወለ ቁጥር መልእክት ይመጣለታል፤ ላሚቱ ወተት ከለከለች፣ ሲላስ ይጸልይ፤ የጎረቤት ልጅ ፈተና አላት፣ ሲላስ ይጸልይ። ኅሊናው እየወቀሰው የምሩን መጸለይ ጀመረ። ላሚቱ ወተት ሰጠች፤ ነገሩ ባሰበት።

ፊልሙን ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ሹፌር አዲስ አበባ ልኮ ነበር፤ ታጥቦ መጣ። ፎቶው በዕድሜው ካነሳው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል፣ ብርሃኑ ጸጥ ብሎ ላያቸው ላይ ፈሷል። መሐል ላይ ግን ጋሽ አስፋው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ አንገታቸውን ወደ ማድቤቱ አዙረው፣ እየመጣ ያለውን የክትፎ ትሪ ያያሉ።

ሲላስ ሊደብቀው አስቦ ነበር። አቢጋኤል አልፈቀደችም። ጋሽ አስፋው ለጉዳይ ሆሳዕና መጥተው ቤት ሲገቡ፣ ገና ሻይ ሳይቀርብ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን አወጡ። አጠገባቸው አምጥተው አዩት፤ አርቀው አዩት።

«ያን ቀን ፎቶ ነበር የምታነሳው?»

«አዎ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም እንደምታየው ጸሎት ላይ አልነበርኩም» አሉ፤ መጀመሪያ ሆዳቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው፣ በመጨረሻ ወንበሩ ጭምር በሳቅ ተናወጠ። «እንግዲህ እኔም ላንተ እሰውርልሃለሁ፣ አንተም ለእኔ ትሰውርልኛለህ።»

«ጋሼ፣ እኔ ትናንት በቴሌግራም ለቤተሰቡ ሁሉ ልኬዋለሁ» አለች አቢጋኤል።

ጋሽ አስፋው ሻያቸውን በዝግታ አማሰሉ። የፈጠጠውን የራሳቸውን ዓይን እንደገና አዩት፤ በቁጣ ሳይሆን ድሮ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«በስልክ ፎቶ ላይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» አሉ። «እዚህ ላይ ሰው ነኝ። ለጀማሪ የሚሆን ካሜራ የትኛው ነው?»

ሲላስ ከደስታው ብዛት ሻዩን ረሳ። ያሉትን ካሜራዎች አንድ በአንድ እያወጣ እንዴት እንደሚሸተቱ፣ እንዴት እንደሚደመጡ ያስረዳ ጀመር። ጋሽ አስፋው የእያንዳንዱን «ቀጭ» ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በመጨረሻ ዓይን ላይ ተለጥፎ የሚታይበትን አንድ ትንሽ ካሜራ መረጡ።

«ይሄ አንገትን ቀና አድርጎ ነው የሚያስነሳው» አሉ። «በእኔ ቦታ ላለ ሰው ይሄ ይሻላል።»

የአዲሎ መኪና መሄጃ ሰዓት አልፎ ነበር። አቢጋኤል ራት ልትጨምር ወደ ማድቤት ስትሄድ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ባትሪ አንድ ሌንስ ላይ ተደፍተው ሻጋታ እየፈለጉ ነበር።